ጦርነትን «በሕግ አምላክ» ያሉ ሰዎች

ልጄ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። የዩኒቨርሲቲያችሁ የክርክር ክበብ «ጦርነትን በሕግ መከልከል ከንቱ ድካም ነው፤ ተራው ሕዝብም በጦርነት ጉዳይ ቃል ሊሰጥ አይችልም» ብሎ ከሚሟገተው ወገን መድቦሃል። አንተም ነገሩን ጨርሰኸዋል። «የፓሪስ ውል ቢጠቅም ኖሮ ጣሊያን መረብን ባልተሻገረ ነበር» ብለህ በማይጨው ዘግተኸዋል። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። ማይጨውን ማንሣትህ ደግ ነው፤ ግን ማይጨው የምታስበውን ብቻ አይመሰክርልህም። ስለዚህ መጀመሪያ ክርክሩን ያነሡትን ሰዎች ላስተዋውቅህ። የውጭውን ነገር በእነሱ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን እጽፍልሃለሁ፤ በተለይ ሁለት 1928ቶች ስላሉ ተጠንቀቅ። የፈረንጆቹ 1928 ጦርነትን የከለከለው የፓሪስ ውል የተፈረመበት ነው፤ የእኛ 1928 ውሉ የተረገጠበት ነው።

ከአንተ ወገን የሚቆመው ትልቁ ሰው ዋልተር ሊፕማን ነው። የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ መንግሥት ሠርቷል፤ ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ ለጠላት ወታደሮች የሚበተን ወረቀት አዘጋጅቷል። ሰውን በወሬ እንዴት እንደሚነዱት ያወቀው ከውስጥ ሆኖ ነው። በ1920 ከባልደረባው ከቻርልስ ሜርዝ ጋር ሆኖ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ሩሲያ አብዮት የጻፈውን ሁሉ ቁጭ ብሎ መረመረ። ጋዜጣው ቦልሼቪኮች ወደቁ፣ ሊወድቁ ነው፣ እያለ ከ90 ጊዜ በላይ ለአንባቢው ተናግሮ አገኘው። አልወደቁም። ጸሐፊዎቹ ውሸታም ሆነው አይደለም፤ የተመኙትንና የፈሩትን ያዩ መስሏቸው ነው የጻፉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ሕዝብ አስተያየት የጻፈው መጽሐፍ በአንዲት ደሴት ይጀምራል። ዘመኑ 1914 ነው። በደሴቲቱ እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮችና ጀርመኖች አብረው ይኖራሉ። የቴሌግራፍ ሽቦ አይደርሳትም፤ የፖስታ መርከብ የምትመጣው በ60 ቀን አንድ ጊዜ ነው። መርከቧ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ስትደርስ ነዋሪዎቹ አገሮቻቸው ጦርነት ከገጠሙ ስድስት ሳምንት እንዳለፈ ሰሙ። ያን ሁሉ ጊዜ ጠላቶች ነበሩ፤ የኖሩት ግን እንደ ወዳጅ ነው። ሊፕማን ሁላችንም የዚያች ደሴት ሰዎች ነን ነው የሚለው፤ የምንኖረው ዓለሙ ውስጥ ሳይሆን ስለ ዓለሙ በተነገረን ሥዕል ውስጥ ነው።

ይህን ቸል አትበለው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የተባለው ለዚሁ ነው። በአገራችን በቅርብ ዓመታት ጦርነት ሲነሣ የአንድ እናት ልጆች፣ አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ውጊያው ደጃፉ ላይ ሆኖ፣ ስለ አንድ ጦርነት ሦስት ሥዕል ይዘው ሲኮራረፉ አይተናል። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አልታረቁም። ከሦስቱ የተኩሱን ድምፅ በጆሮው የሰማው አንዱ ብቻ ነበር፤ ከሁሉ አብዝቶ የጮኸው ግን እሱ አልነበረም። «ግፋ በለው» ለማለት ስትቃጣ ያየው ማን ነው፣ ለነጋሪው ማን ነገረው፣ ሌላኛው ወገን የነገረውንስ ሰምቻለሁ ወይ ብለህ ሦስቱን ሳትመልስ አፍህን አትክፈት።

ሊፕማን ከዚህ ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ ግን ልብ በል። ሕዝቡ የሩቁን ነገር ሊያውቅ ስለማይችል፣ እውነቱን የሚያጣሩና ለሚወስኑት የሚያቀርቡ የባለሙያዎች ቢሮዎች ያስፈልጋሉ አለ። በ1925 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ሕዝብ የሚባለው ነገር ራሱ ጥላ ነው እስከ ማለት ደረሰ፤ የሕዝቡ ድርሻ ቀውስ ሲመጣ ካሉት ወገኖች ለአንዱ ድጋፉን መስጠት ብቻ ነው አለ። አንተም በክርክሩ የምትቆመው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጆን ዱዊ እንሂድ። ፈላስፋ ነው፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። የሊፕማን መጽሐፍ ሲወጣ ዱዊ 62 ዓመቱ ነበር፣ ሊፕማን 32። ሽማግሌው የዕድሜ ልክ እምነቱን የሚንድ መጽሐፍ አንድ ወጣት ሲጽፍበት ምን አደረገ? በሜይ 1922 ኒው ሪፐብሊክ በተባለው መጽሔት ላይ መጽሐፉን እጅግ አድርጎ አመሰገነው። በዴሞክራሲ ላይ ከቀረቡት ክሶች ሁሉ የበረታው ይኼ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መሰከረለት። ከዚያ በኋላ ነው መልሱን የጀመረው፤ መልሱ ተስተካክሎ መጽሐፍ እስኪሆን አምስት ዓመት ወሰደ። ልጄ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንድትል እፈልጋለሁ። ዛሬ በየሸንጎው የማየው ወጣት የተቃዋሚውን ነገር ሰምቶ ሳይጨርስ ስድብ ይጀምራል። ተቃዋሚህን ራሱ ከሚናገረው በተሻለ አስተካክለህ መናገር ካልቻልህ ገና ለክርክር አልደረስህም።

የዱዊ መልስ ባጭሩ ይህ ነው። ሊፕማን በሽታውን በደንብ አየ፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ በሽታ ነው። ባለሙያው ከሕዝቡ ተለይቶ ብቻውን ሲመክር ውሎ ሲያድር የራሱ ጥቅም ያለው ክፍል ይሆናል፤ ችግሩ የት ላይ እንደሚያም የሚነግረው ሰው ያጣል። ሕዝቡ ደደብ ሆኖ አይደለም፤ የተበታተነ ስለ ሆነ፣ የሚመካከርበትና እውነቱን የሚያጣራበት መንገድ ስላላበጀ ነው። መንገዱን አብጁለት እንጂ ቃሉን አትንጠቁት አለ።

ይህን ሲል ልቡ ሳይቆስል አልነበረም። በ1917 አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ዱዊ ደግፎ ነበር፤ ጦርነቱ ዓለምን ለዴሞክራሲ ያዘጋጃል ብሎ። የቀድሞ ተማሪው ራንዶልፍ ቦርን ፊት ለፊት ተቃወመው፤ ጦርነት አንዴ ከተለቀቀ ምሁሩ ልጓሙን ሊይዘው አይችልም አለው። ቦርን በዲሴምበር 1918 በዚያ በክፉው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በ32 ዓመቱ ሞተ፤ ጦርነቱን የዘጋውን የቬርሳይን ውል ለማየት አልበቃም። ዱዊ ግን አየው። የተባለው ሰላም በቀልና ሽሚያ ሆኖ ሲወጣ እሱም ሌላ መንገድ መፈለግ ያዘ። መንገዱን ያሳየው የቺካጎ ጠበቃ ነው።

ሳልመን ሌቪንሰን ይባላል። ሥራው የከሰሩ ኩባንያዎችን ዕዳ እያደራደረ እንደገና ማቋቋም ነበር፤ ፈላስፋም ፖለቲከኛም አልነበረም። ልጆቹ ለጦርነት በሚመለመሉበት ዕድሜ ላይ ሳሉ በጠበቃ ዓይን አንድ ነገር አየ፤ ጦርነት ሕጋዊ ነው። ሰው መግደል ወንጀል ነው፣ መስረቅ ወንጀል ነው፤ ጦርነት ግን በዓለም ሕግ መብት ነው። ስለ ምርኮኛ አያያዝ ሕግ አለ፣ ስለ ጥይት ዓይነት ሕግ አለ፤ ጦርነቱን ራሱን የሚከለክል ግን የለም። በማርች 1918 ይህንኑ ጻፈ። ምሳሌው የሁለት ሰዎች ፍልሚያ ነበር። ድሮ አውሮጳውያን ሲሰዳደቡ ሰይፍ ወይም ሽጉጥ ይዘው በቀጠሮ ይገዳደሉ ነበር፤ ያ ልማድ የጠፋው «ቀድሞ የተነኮሰው ብቻ ይቀጣ» ተብሎ ሳይሆን ፍልሚያው ራሱ ከሕግ ውጭ ሆኖ ነው። ጦርነትም እንዲሁ ይሁን አለ። ገንዘቡን አፈሰሰ፣ በየምክር ቤት አባሉ ደጅ ተመላለሰ። የአይዳሆው ሴናተር ዊሊያም ቦራ በ1923 ሐሳቡን ለምክር ቤት አቀረበ፤ ዱዊም በብዕሩ ደገፈ።

ሊፕማንና ዱዊ በጦርነት ጉዳይ ፊት ለፊት የተገናኙት ያኔ ነው። ሊፕማን በኦገስት 1923 አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ነገሩን ብትንትኑን አወጣው። ሕጉን ማን ይጽፋል? በሕግ የማይፈታውን ጠብ፣ የድንበሩን፣ የገበያውን፣ የክብሩን ነገር ማን ያበርዳል? ያለ ዲፕሎማሲ፣ ያለ ድርድር፣ ሕግ ብቻውን ምን ይሠራል? ጥያቄዎቹ ብርቱ ናቸው፤ በክርክርህ ተጠቀምባቸው። ዱዊ ግን ጦርነት ሕጋዊ እስከ ሆነ ድረስ ሰላም የሚባለው ነገር ሁሉ የጦርነት እረፍት ብቻ ነው ብሎ መለሰ። ሕጉን የሚጥሰውን በጦር እንቅጣ ማለትም ጦርነትን በሌላ ስም መመለስ ነው፤ ፖሊስ አንድ ሌባ ያስራል፣ አንድ ሕዝብ ግን ማንም ሊያስር አይችልም። ታዲያ ሕጉን ምን ይጠብቀዋል ሲሉት የሕዝቦች እምነት አለ፤ ሕዝቡ ጦርነት ወንጀል ነው ብሎ ከልቡ ሲያምን መንግሥታት ያፍራሉ።

እዚህ ላይ ፈረንጁን ትተን ወደ ገበያችን እንውጣ። በድሮ ጊዜ ሁለት ሰዎች በገበያ መሐል ይጣላሉ፤ አንዱ ዱላውን ያነሣል። ተበዳዩ አይሮጥም፣ ድንጋይም አያነሣም፤ «በሕግ አምላክ!» ይላል። ዱላው አየር ላይ ይቆማል። ዘበኛ የለም። ጨው የሚሸጠው ሰውዬ አሞሌውን አስቀምጦ ይዞራል፤ በርበሬ የምትሰፍረው ቀና ትላለች፤ መንገደኛው ቆሞ የመንገድ ዳኛ ይሆናል። በሕግ አምላክ ተብሎ እጁን የሰነዘረ ሰው ነገ በዚያ ገበያ በምን ፊቱ ይታያል? ባላንጣዎቹ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ በቁራኛ፣ በገዛ እግራቸው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ የሚል ሕዝብ ልጅ ነህና ዱዊ የሚለው ነገር ለአንተ እንግዳ ሊሆንብህ አይገባም። ሊፕማን ደግሞ ይህን ገበያ ቢያይ የሚጠይቀውን አውቃለሁ። ገበያተኛው ዓይቶ እንዳላየ ወደ ሚዛኑ ቢመለስስ?

ውሉ መጣ። የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሪስቲድ ብሪያን በኤፕሪል 6 ቀን 1927 በጋዜጠኞች በኩል በቀጥታ ለአሜሪካ ሕዝብ መልእክት ላከ፤ በሁለታችን መካከል ጦርነት ከሕግ ውጭ ይሁን አለ። የአሜሪካው አቻው ፍራንክ ኬሎግ መጀመሪያ አልወደደውም፤ የሁለት አገር ውል እንደ ጦር ቃል ኪዳን ይቆጠራል ብሎ ሰጋ። የሕዝቡ ድምፅ ሲበረታ ጊዜ በዓመቱ መጨረሻ «እንግዲያው ሁሉም አገር ይግባበት» አለ። ኦገስት 27 ቀን 1928 በፓሪስ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የሰዓት አዳራሽ፣ የ15 አገሮች ተወካዮች ተሰበሰቡ። የጀርመኑ ስትሬሰማን ታሞ ሳለ መጣ። ለኬሎግ ከለ ሃቭር ከተማ የተበረከተ የወርቅ ብዕር ነበር። ከፈራሚዎቹ መካከል ጣሊያንም ጃፓንም አሉ። የውሉ ፍሬ ነገር ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው። ጦርነትን የመንግሥት ፖሊሲ መሣሪያ ከማድረግ ተቆጥበናል፤ ጠባችንንም በሰላም ብቻ እንፈታለን። ራስን የመከላከል መብት ለየአገሩ ፍርድ ተተወ፤ ዳኛ አልተሰየመም፣ ቅጣት አልተጻፈም። የአሜሪካ ሴኔት በጃንዋሪ 1929 በ85 ድምፅ ለ1 አጸደቀው፤ ወዲያው በሚቀጥለው ወር ደግሞ 15 የጦር መርከብ እንዲሠራ ወሰነ። ይኼኛውን ለክርክርህ ያዘው፤ እኔም ባነበብሁት ቁጥር ያሳዝነኛል።

ኢትዮጵያ ውሉን ተቀበለች። በጁላይ 1929 በሥራ ላይ ሲውል ስሟ ከተቀበሉት አገሮች መዝገብ ላይ ነበር። ውሉ በተፈረመበት በዚያው በኦገስት 1928 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከጣሊያን ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ፈርማ ነበር።

ማንቹሪያን በአጭሩ ልለፈው፤ በ1931 ጃፓን ገባች፣ የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን በጃንዋሪ 1932 «ውሉን ጥሶ የተያዘ መሬት ለያዘው አይጸድቅለትም» አለ፣ ጃፓንም መሬቱን ይዛ ቀረች። የእኛ ነገር ግን በዝርዝር ሊነገርህ ይገባል።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ በኢትዮጵያና በጣሊያን ወታደሮች መካከል ተኩስ ተከፈተ። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ ባለቤቱ ጮኸ። ንጉሠ ነገሥቱ ለመንግሥታት ማኅበር አመለከቱ። ሰኔ 26 ደግሞ አሜሪካ በፓሪሱ ውል መሠረት ጣሊያንን እንድታስታግስ ጠየቁ። ዋሽንግተን፣ ሁለቱ አገሮች ውላቸውን ይጥሳሉ ብለን ለማመን ይቸግረናል የሚል መልስ ሰጥታ ነገሩን ጄኔቭ ላለው ለመንግሥታት ማኅበር ተወች። በኦገስት መጨረሻ የወጣው የገለልተኝነት ሕጓ የጦር መሣሪያ ለሁለቱም ተዋጊ እንዳይሸጥ ከለከለ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ መሣሪያ ከውጭ የምትሸምተው ኢትዮጵያ ነበረች። ሕዝቡ ጦርነት ይጠላ ስለ ነበር ይህን ሕግ ወደደው። በሃርለም ግን ጥቁር አሜሪካውያን በሺዎች ወጥተው ለኢትዮጵያ ተሰለፉ፤ ድምፃቸው ከዋሽንግተን ሚዛን አልገባም እንጂ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላ ትልቅ ነገር ሆነ። በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሕዝቡን ስለ ሰላም ጠየቁ። ውጤቱ በጁን 1935 ሲነገር ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፁን ሰጥቷል። ወራሪ ሲነሣ በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይገታ ያለው ከ10 ሚሊዮን ይበልጣል፤ በጦር ኃይልም ቢሆን ያለው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ሊፕማን ጥላ ነው ያለው ሕዝብ እነሆ በደጁ ቆሞ ቃሉን ሰጠ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ያለ ጦርነት አዋጅ መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር ጣሊያን ውል አፍራሽ ናት ብሎ ፈረደ፤ በኖቬምበር 18 ማዕቀብ ጀመረ። ዘይት ግን አልተነካም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። በዲሴምበር መጀመሪያ የእንግሊዙ ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ከኢትዮጵያ ብዙ መሬት ቆርሰው ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ሐሳብ አዘጋጁ። ምስጢሩ በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ለምክር ቤት አባሎቹ ደብዳቤ አጎረፈ። በዲሴምበር 18 ሆር ከሥልጣኑ ወረደ። አስበው ልጄ፣ አዲስ አበባን በካርታ ላይ እንኳ ያላያት ሰው፣ ለሩቅ አገር ሕዝብ ተቆርቁሮ የገዛ አገሩን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አወረደ። ስለ ሕዝብ አስተያየት ዋጋ ቢስነት ለመናገር ስትነሣ ይህን ቀን ማለፍ አትችልም።

ከዚያስ? ባለሥልጣኑ ስለ ወረደ ነገሩ የተፈጸመ መሰለ። ዘይቱ ግን ሳይዘጋ ቀረ። የመንግሥታት ማኅበር የባለሙያዎች ኮሚቴ በፌብሩዋሪ 1936 አጥንቶ፣ አሜሪካ ሽያጯን ከድሮው መጠን ካላሳለፈች የዘይት ማዕቀብ በሦስት ወር ወይም በሦስት ወር ተኩል ጣሊያንን ይይዛታል አለ። የማይጨው ጦርነት የሆነው መጋቢት 22 ነው። እንግዲህ ቁጠረው፤ ዘይቱ ከሌላው ጋር በኖቬምበር ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ጊዜው ከማይጨው በፊት ይሞላ ነበር። ሙሶሊኒ ራሱ ኋላ ለሂትለር፣ ዘይት ቢዘጋብኝ በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ እወጣ ነበር ማለቱን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፎታል። ሊፕማን የተመኛቸው ባለሙያዎች ተቀምጠው አጠኑ፣ እውነቱን አወጡ፣ ወረቀቱ ከሚወስኑት ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ግን ሥራ ላይ አልዋለም፤ ከውጭ የሚገፋ ሕዝብ አልነበረምና። ዱዊ የተማመነበት ሕዝብም ነበረ፤ ግን በዲሴምበር ጮኾ በፌብሩዋሪ ዝም አለ፤ ስለ ዘይት ቁጥር አጥብቆ የነገረው አልነበረምና። ሁለቱ ሊቃውንት የተከራከሩበትን ነገር የእኛ ሰዎች ጣሊያን በረጨችው የሰናፍጭ ጋዝ ከፈሉት።

ልጄ፣ እኔ ከዚህ የተረዳሁትን በግልጽ እነግርሃለሁ፤ ሌላ ሰው ሌላ ይልሃል። የፓሪስ ውል የከሸፈው ሕዝብ ቃል ስለ ነበረው አይደለም፤ ቃሉን ከሰጠ በኋላ እስከ መጨረሻው ስላልተከታተለ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ውሉን የተቀበሉት አገሮች ብዙ ነበሩ፤ ሎሚውን ሁሉ ለኢትዮጵያ አሸክመው ቆሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው አፏጩባቸው። በዚያው ሰሞን ማዕቀቡ እንዲነሣ ተወሰነ።

ግን ሕጉ ሞቶ አልቀረም፤ እዚህ ላይ ነው የአንተ ወገን የሚሰናከለው። ድሮ አንድ ኃያል ሌላውን ወርሮ ቢይዝ የያዘው የራሱ ይሆን ነበር፤ ከውሉ በፊት የነበረው የዓለም ሕግ ይህን ይፈቅዳል። ከውሉ በኋላ ግን አሜሪካ የጣሊያንን ይዞታ አንድም ቀን አላጸደቀችም። እንግሊዝ በ1938 ብታጸድቅም የኋላ ኋላ ተመለሰች። ያ የ1932ቱ ስቲምሰን በሁለተኛው ጦርነት የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ነበር፤ የናዚ መሪዎች ኑረምበርግ ላይ ሲከሰሱ ወረራ ወንጀል ነው የተባለው በ1928ቱ ውል ላይ ተመሥርቶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተርም አባሎቹ በሌላ አገር ላይ ኃይል እንዳይጠቀሙ ሲከለክል ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ፍትሑ ለሁሉ እኩል አልደረሰም፤ የጣሊያን የጦር አዛዦች ባዶሊዮና ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት ግፍ በዓለም አቀፍ ችሎት ሳይቆሙ ሞቱ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ነውና እኔ ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል። ቢሆንም ኑረምበርግ ላይ የቆመውን ሕግ የኛ ሰዎች ስላልተካሱበት ብቻ ከንቱ ልለው አልችልም።

ለአንተ ወገን የቀረ አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ ልስጥህ። የሌቪንሰን ሕግ የአገርን ከአገር ጦርነት እንጂ የወንድማማቾችን ጦርነት አይነካም። አንድ አገር ውስጥ ወገን ከወገን ሲዋጋ የፓሪሱ ውል የሚለው ነገር የለም። ይህ ክፍተት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የከፋው ነው፤ በክርክራችሁ ላይ ከሁለቱም ወገን አንዱ ቢያነሣው ደስ ይለኛል፤ አንተ ብታነሣው ይበልጥ።

ከመሟገትህ በፊት አንድ ሥራ ሥራልኝ። በዩኒቨርሲቲያችሁ ቤተ መጻሕፍት የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ጋዜጦች ቅጂ ይኖር እንደሆነ ጠይቅ፤ ከሌለ ወመዘክር ሂድ። ሆር ከወረደበት ከዲሴምበር 18 ቀን 1935 ጀምረህ እስከ ማርች 31 ቀን 1936 ድረስ በየሳምንቱ አንድ ጋዜጣ አገላብጥ። ኢትዮጵያ ከፊት ገጽ የወረደችው መቼ እንደሆነ፣ በምን ወሬ እንደ ተተካች፣ የባለሙያዎቹ የዘይት ጥናት በስንተኛው ገጽ ላይ እንደ ወጣ፣ ከወጣም ስንት መስመር እንደ ተሰጠው፣ አንባቢዎች ስለ እሱ ደብዳቤ ጽፈው እንደሆነ በወረቀት መዝግብ። ያገኘኸውን ይዘህ ና፤ ከየትኛው ወገን ሆነህ እንደምትሟገት ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እናወራለን።